ስለ ወገብና ስለ ሆድ ሕመም ለቤተ ሰብ የሚሆን ጥቂት ምክር

ሰው ከሰውነቱ ክፍል ሁሉ ይልቅ አዘውትሮ የሚያማርረው ወገቡንና ሆዱን ነው። ገበሬው ከእርሻው ሲመለስ፤ እናት ልጅዋን ከጀርባዋ ስታወርድ፤ ሹምም ከወንበሩ ሲነሣ «ወገቤን» ይላሉ። ሆዱን የታመመውም «ብርድ ነው፤ ያልፋል» ብሎ ትኩስ ነገር ጠጥቶ ይተኛል። እርግጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ነገር ግን የማያልፍበት ጊዜ አለ። የሚያልፈውን ከማያልፈው ለይቶ ማወቅ ለእያንዳንዱ ቤት የሚጠቅም ትምህርት መሆኑን በራሳችንና በልጃችን ላይ ከደረሰው ነገር ስለ ተረዳን፤ ይህን ጥቂት ቃል ለመጻፍ ተነሣን።

እኛ ሐኪም አይደለንም። ሥራችን በችሎት ተቀምጦ የከሳሽንና የተከሳሽን፤ የምስክርንም ቃል መጻፍ ነው። ስለዚህ ስለ በሽታዎቹ የምንናገረው ሐኪሞች ያስረዱንንና በኋላም ከመጻሕፍት ያነበብነውን እንጂ ከራሳችን ያወጣነውን አይደለም።

ዕድሜያችን ከ40 ዓመት ካለፈ ወዲህ ወገባችንን ያመን ጀመር። ከጠዋት እስከ ማታ አጎንብሶ የሚጽፍ ሰው ወገቡን ቢያመው አያስደንቅምና፤ ሌላ ሳንመረምር በወንበሩ ላይ ፈረድንበት። ወንበር አስለወጥን፤ ትራስ አስደገፍን፤ ወጌሻ አሸን፤ ዋግምትም ተደረገልን። ጸበልም ተጠመቅን፤ ይህንንም በእምነት ስላደረግነው አንጸጸትበትም። ከዚህ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባችን «እኔን የረዳኝ ይህ ነው» ብሎ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ሰጠን። ሕመሙ ረገብ ስላለልን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዛን ለ7 ወር ያህል ዋጥን።

ጥቂት ቈይቶ ደግሞ ልባችን ሥር ይቃጠል ጀመር። ይህን ለማንም አልነገርንም። ባለቤታችን «እህል ለምን ቀነሱ?» ብላ ብትጠይቀን «ጾሙ ስለ በዛ ነው» ብለን መለስንላት። ሁለት ጊዜም ሽንታችን ቀልቶ አየን። በዚያ ሳምንት ቀይ ሥር መብላታችንን አስታውሰን «ከእርሱ ይሆናል» ብለን ራሳችንን አታለልን። ከልጅነታችን ጀምሮ «ጨዋ ሰው አመመኝ እያለ አያስቸግርም» ሲባል ሰምተን አድገናል። በቆሎ ተማሪነታችንም ብርዱንና ረኃቡን ዝም ብሎ መቻል እንደ ትልቅ ሙያ ይቈጠርልን ነበር። ይህ ልማድ ለችግር ጊዜ ይጠቅም ይሆናል፤ ለበሽታ ግን ክፉ አማካሪ ነው።

አንድ ማክሰኞ ቀን ከጠዋቱ በ4 ሰዓት፤ በአንድ የውርስ ክርክር የምስክር ቃል ስንጽፍ፤ በግራ ጎናችን ከጎድን በታች እንደ ጦር የሚወጋ ሕመም ተነሣብን። ከጎናችን ተነሥቶ ወደ ሆዳችን፤ ከሆዳችንም ወደ ብሽሽታችን ወረደ። ጥቂት ይተወንና እንደ ገና ይመለሳል። ላብ አጠመቀን፤ ብዕሩም ከእጃችን ወደቀ። ብንቀመጥ አይሆንልንም፤ ብንቆምም አይሆንልንም። ዳኛው ይህን ባዩ ጊዜ ችሎቱን አቋርጠው ወደ ሆስፒታል እንድንወሰድ አደረጉ፤ ወደ ቤታችንም ሰው ላኩ።

የተቀበለን ሐኪም በዕድሜው ከእኛ እጅግ የሚያንስ ነበር። «ሕመሙ መቼ ጀመረዎት? ከወዴት ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል? ሽንትዎ ቀልቶ ያውቃል? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ በተራ ጠየቀን። እኛም «ዛሬ ጠዋት ጀመረን፤ ሌላ ነገር የለም» አልነው። በዚህ ጊዜ ደርሳ በአጠገባችን የቆመች ባለቤታችን «ይቅር በሉኝ፤ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሌሊት እየተነሡ ይንጐራደዳሉ፤ እህልም ከተዉ ሰንብተዋል። ይህንም ኪኒን ከኮታቸው ኪስ አገኘሁት» ብላ ለሐኪሙ ሰጠችው። እኛም እጅግ አፈርንና እርስዋም የማታውቀውን የሽንታችንን መቅላት ተናገርን። በየቀኑ ምስክሮች እውነቱን ለመናገር ሲምሉ የምንጽፍ ሰዎች፤ በገዛ ሰውነታችን ጉዳይ ሐሰተኛ ምስክር ሆነን ተገኘን።

ሽንታችን ተመረመረ፤ በአልትራሳውንድም ታየን። ከግራ ኩላሊታችን 4 ሚሊሜትር የሚያህል ጠጠር ወጥቶ ወደ ፊኛ በሚወስደው ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ተሰንቅሮ ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ በጉሮሮ በሚገባ ቀጭን መሣሪያ ጨጓራችን ሲታይ ቁስል ተገኘበት፤ ምክንያቱም ያን ያህል ወር የዋጥነው ኪኒን ነው ተባልን። ሁለት ዓመት ያሠቃየን የወገብ ሕመም ግን አብዛኛው ከመቀመጥ ብዛት የመጣ የጡንቻ ሕመም ነበር። አንድ ክስ መስሎን የነበረው ሦስት መዝገብ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉም የሚያሳዝነው ለአንደኛው ሕመም ብለን የወሰድነው መድኃኒት ሌላውን ማምጣቱ ነው። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚባሉት ማስታገሻዎች በልክና በሐኪም ምክር ሲወሰዱ የሚጠቅሙ ሲሆኑ፤ ያለ ልክ ሲዘወተሩ ጨጓራን ያቈስላሉ፤ ኩላሊትንም ይጐዳሉ።

ሐኪሙ ኩላሊት በጀርባ በኩል፤ ከጎድን አጥንት ሥር፤ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ እንደሚገኝ በሥዕል ሲያሳየን ነገሩ አዲስ አልሆነብንም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን እንዲህ ያለ ሥዕል በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እናይ ነበር። ከዚያም በፊት በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ዳዊት ስንደግም «ኵልያት» ከልብ ጋር ተጣምሮ ሲጠራ እንሰማ ነበር። ከሁለት ትምህርት ቤት የተማርነውን በታመምን ጊዜ ረስተን ወንበር ስንለውጥ ሰነበትን።

ሕመም በአንድ ስፍራ ተነሥቶ በሌላ ስፍራ ለምን እንደሚሰማም ጠየቅን። ከሆድ ዕቃችን የሚነሡት ነርቮችና ከቆዳችን፤ ከጡንቻችንም የሚነሡት ወደ አከርካሪው የሚገቡት በአንድ ስፍራ ነው። ከሁለት ቤት የተላኩ መልእክተኞች በአንድ በር ሲገቡ ዘበኛው ማን ከማን እንደ ተላከ ሊሳሳት እንደሚችል፤ አእምሮም የኩላሊቱን ወይም የሐሞቱን ጩኸት የወገብ ወይም የትከሻ አድርጎ ይሰማዋል። እንግዲህ ያመመው ስፍራ ሁሉ የታመመው ስፍራ ነው ማለት አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ በወገብና በሆድ ለሚሰማው ሕመም ምክንያት የሚሆኑትን ዋና ዋናዎቹን እንጽፋለን።

ከሁሉ የሚበዛው የጡንቻ፤ የጅማትና የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2020 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረባቸው። ይህ ዐይነቱ ሕመም ጎንበስ ቀና ሲሉ ይብሳል፤ ብዙውን ጊዜም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ቀድሞ ሐኪሞች ታማሚው ተኝቶ እንዲሰነብት ያዝዙ ነበር። ዛሬ ግን እንደ ዐቅም መንቀሳቀስ ከመተኛት የተሻለ መሆኑ ታውቋል። ሕመሙ ከወገብ ተነሥቶ በአንድ እግር ከጉልበት በታች የሚወርድ ከሆነ፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ነርቭ ተጭኖ ይሆናል።

የኩላሊት ጠጠር ከላይ እንደ ተናገርነው ከጎን ወደ ብሽሽት የሚወርድ፤ እንደ ማዕበል የሚመላለስ፤ ሰውን የሚያንቈራጥጥ ነው። ኩላሊት በተሐዋስያን ሲመረዝ ደግሞ ከጎን ሕመም ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፤ ሽንትንም ማቃጠል ይመጣል። ይህ በቶሎ ካልታከመ መርዙ ወደ ደም ሊገባ ይችላል።

ከሆድ ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ሕመምም አለ። የሐሞት ከረጢት ጠጠር በቀኝ ጎድን ሥር ያመውና፤ ይልቁንም ቅባት ከተበላ በኋላ፤ ወደ ቀኝ ትከሻ አጥንት ይሄዳል። ቆሽት ሲቈጣ ሕመሙ ከልብ ሥር ተነሥቶ ወደ ጀርባ ይወጋል፤ የዚህም ዋና ምክንያቶች የሐሞት ጠጠርና የመጠጥ ብዛት ናቸው። የጨጓራ ቁስልን ሰው ሁሉ በበርበሬና በንዴት ያመካኛል። ነገር ግን በ1982 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ የአውስትራልያ ሐኪሞች በጨጓራ የሚኖር ተሐዋሲ አገኙ፤ ለብዙው ቁስል ምክንያቱም እርሱ መሆኑ ተረጋገጠ። ሁለቱም ስለዚህ ሥራቸው በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ ይህ ቁስል ተመርምሮ በመድኃኒት የሚድን ነውና ዕድሜ ልክ አብረውት የሚኖሩት አይደለም።

በቀስታ የሚመጡትም አሉ። የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲ በሳንባ ብቻ አይወሰንም፤ በአከርካሪ አጥንትም ይገባል። ለብዙ ሳምንት የማይለቅ የወገብ ሕመም ከሌሊት ላብና ከመክሳት ጋር ሲመጣ ይህ ሊሆን ይችላልና መመርመር ይገባል። ቢዘገይ አከርካሪውን ያጐብጣል፤ እግርንም እስከ ማሽመድመድ ይደርሳል። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ሰውም ብሩሴሎሲስ በሚባል ከከብት በሚተላለፍ በሽታ ተይዞ የወገብ ሕመምና የሚመላለስ ትኩሳት ያገኘዋል። አልማዝ ባለጭራም ቆዳው ሳይፈነዳ አስቀድሞ በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ዞሮ ሊያቃጥል ስለሚችል፤ ብዙ ሰው የኩላሊት ይመስለዋል።

በዕድሜ ለገፉ ሰዎች፤ ይልቁንም ትምባሆ ለሚያጨሱ ወንዶች፤ አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ። ከልብ ወደ ታች የሚወርደው ታላቁ የደም ሥር በሆድ ውስጥ አብጦ ይቈይና የፈነዳ እንደ ሆነ፤ በሆድና በወገብ ድንገተኛ ብርቱ ሕመም ይመጣል፤ ሰውየውም ራሱን ይስታል። በዚህ ጊዜ ማስታገሻ ሲፈልጉ አንዲት ደቂቃ ማጥፋት አይገባም።

እኛ ከሕመማችን ዳንን። ሐኪሙ እንደ ነገረን ከ5 ሚሊሜትር የሚያንስ ጠጠር ብዙውን ጊዜ በራሱ ይወጣልና፤ ውሃ እየጠጣን ስንጠባበቅ በ9ኛው ቀን ወጣልን። ነገሩም በዚሁ ያለቀ መስሎን ነበር። ነገር ግን ዝም የማለት ልማዳችን ከእኛ አልፎ ወደ ልጃችን መሸጋገሩን ገና አላወቅንም ነበር።

በዚያው ዓመት የ14 ዓመት ልጃችን ከትምህርት ቤት መጥታ እራት አልበላም አለች። እናትዋ ብትጠይቃት «እምብርቴ አካባቢ ጥቂት አመመኝ፤ አሁን ተወኝ» አለች። አብረውን የሚኖሩት አማታችን «ሆድዋ ይታጠብ፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ትጠጣ» አሉ። እርሳቸው በዘመናቸው ለሆድ ሕመም ሁሉ የሚያውቁት ይህን ነበርና አንነቅፋቸውም። መድኃኒቱ ሲዘጋጅ ልጅቱ ወደ ጓዳ ስታልፍ አየናት። ጐበጥ ብላ ትራመዳለች፤ እጅዋንም በቀኝ በኩል ከሆድዋ በታች አድርጋለች። ሕመሙ ከእምብርት ወደ ቀኝ መውረዱ ነው። ይህም የትርፍ አንጀት ምልክት መሆኑን በታመምንበት ጊዜ ካነበብነው አስታወስን።

«አመመሽ ወይ?» አልናት።

«ደኅና ነኝ፤ አባባ።»

«እውነቱን ንገሪን፤ ልጄ።»

ዐይንዋ እንባ ሞላ። «ስራመድ በጣም ያመኛል» አለች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» ብንላት ወደ መሬት አቀርቅራ «አባባ፤ እርስዎም ሲያምዎት አይናገሩ» አለችን።

ለዚህ ቃል መልስ አልነበረንም። አማታችንንም «እማማ፤ መድኃኒቱ ይቈየን» ብለን ለመንን፤ ልጃችንንም ይዘን ወደ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሞቹ መርምረው የትርፍ አንጀት ቁጣ መሆኑን አረጋገጡ፤ በዚያውም ሌሊት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሙ ሲወጣ «ሊፈነዳ ተቃርቦ ነበር። የሚያስቀምጥ መድኃኒት ጠጥታ ቢሆን ኖሮ አደጋው ይብስ ነበር» አለን። ንጋት ላይ ነቅታ ውሃ ስትለምነን የተሰማንን ደስታ በጽሕፈት ልንገልጸው አንችልም። ስለዚህ ወላጆችን አጥብቀን የምንለምነው ይህን ነው፤ ምክንያቱ ላልታወቀ ብርቱ የሆድ ሕመም ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ከቶ አታጠጡ።

በዚያ ሌሊት ሌላም ነገር ተማርን። ሐኪሙ ልጅቱን ከመመርመሩ በፊት እኛ ጥቂት ወጣ እንድንል አድርጎ ስለ ወር አበባዋ በእናትዋ ፊት ጠየቃት። በሴቶች ዘንድ የወገብና የሆድ ሕመም ሌላ ምክንያት ይጨመርበታል። የወር አበባ ቁርጠት ከታችኛው ሆድ ወደ ወገብ ይዞራል። ይህም በየወሩ ከሥራና ከትምህርት የሚያስቀር ከሆነ «የሴት ልጅ ዕጣ ነው» ተብሎ የሚተው አይደለም፤ የማሕፀንን ግድግዳ የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ በቅሎ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው። የማሕፀንና የቧንቧው መመረዝ፤ የእንቍላል ከረጢት መጠምዘዝም ሕመም ያመጣሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው ፅንስ ከማሕፀን ውጭ በቧንቧው ውስጥ ሲያዝ ነው። የወር አበባዋ የቀረባት ሴት በአንድ ጎን ብርቱ ሕመም ሲሰማት፤ ይልቁንም ማዞርና ራስን መሳት ሲመጣ፤ በውስጥዋ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ሳይነጋ መድረስ ያስፈልጋል። በብዙ ቤት ሴቶች ልጆች ይህን ለመናገር ያፍራሉ። አባት ሊጠይቅ ባይመቸው እናት ወይም አክስት ትጠይቅ፤ አባትም ገንዘቡንና መጓጓዣውን ሳያቅማማ ያዘጋጅ።

ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም የሚያስኬዱት ምልክቶች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፤ ድንገት የመጣና የማይበርድ ሕመም፤ ወይም ሆድ እንደ እንጨት መጠንከር። ሁለተኛ፤ ከሕመሙ ጋር ትኩሳትና መንቀጥቀጥ። ሦስተኛ፤ በሽንት ወይም በትውከት ደም መታየት፤ ዓይነ ምድርም እንደ ሬንጅ መጥቈር። አራተኛ፤ ራስን መሳት። አምስተኛ፤ የእግር መዛል፤ በጭኖች መካከል መደንዘዝ፤ ሽንት አልወጣ ወይም አልያዝ ማለት። ሌሊት የማያስተኛ፤ ለሳምንታት የማይለቅ፤ ከመክሳትም ጋር የመጣ ሕመም ግን በዚያው ሌሊት ባይሆንም ቀጠሮ ሳይዘገይ ይመርመር።

ሐኪም ፊት ሲቀርቡም ቃልን አዘጋጅቶ መቅረብ መልካም ነው። መቼ ጀመረ፤ ከወዴት ወዴት ይሄዳል፤ ይወጋል ወይስ ያቃጥላል፤ ምን ያብሰዋል፤ ምንስ ያሽለዋል፤ ምን መድኃኒት ተወስዷል፤ የባህል መድኃኒትም ቢሆን ሳይደበቅ መነገር አለበት። ሐኪምም እንደ ዳኛ በቀረበለት ቃልና ማስረጃ ይፈርዳልና፤ ቃሉ የጐደለ እንደ ሆነ ፍርዱም ይጐድላል።

በመንግሥት ሥራ በወንበር ለምንውል ሰዎች ደግሞ ጥቂት እንጨምር። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ፤ ከባድ ነገር ሲያነሡ ወገብን ሳይሆን ጉልበትን ማጠፍ፤ ጨውን መቀነስ ይጠቅማል። ጠጠር ወጥቶለት የሚያውቅ ሰው በቀን 2 ሊትር ተኩል ያህል ሽንት እስኪያወጣ ድረስ ውሃ እንዲጠጣ ሐኪሞች ይመክራሉ። እኛም አሁን የውሃ ጠርሙስ ከመዝገባችን አጠገብ አይለየንም።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ይህን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ለሌላ ሰውም ስንት ጊዜ ተናግረነዋል። በቤታችን ግን ልጃችን የሰማችው ምሳሌውን ሳይሆን ያየችው ዝምታችንን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲያመን በማዕድ ላይ «ዛሬ ወገባችንን አመመን» ብለን እንናገራለን። አማታችን «ብርድ ነው» ይላሉ፤ ልጃችን ግን «ሽንትዎስ ቀልቷል?» ብላ ትጠይቀናለች። በመጀመሪያ እናፍር ነበር፤ አሁን ግን እየመለስንላት ነው።

ለአንባቢዎቻችንና ለቤተ ሰባቸው ሁሉ እግዚአብሔር ጤናን ይስጥልን።